በቆዳ የሚገባው ኬሚካል ሲገመገም መቶኛው ምን ይነግረናል?

በአውሮፓ የፀረ ተባይ ግምገማ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው፣ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል ተብሎ የሚታሰበው ድርሻ በውኃ ለተበጠበጠው ርጭት ከፍ ብሎ መቀመጡ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የጥናት ውጤት ከሌለ ውኃ ላይ ለተመሠረተ ምርት ሳይበጠበጥ 10 በመቶ፣ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ 50 በመቶ ይወሰዳል። ይህ ግን የተበጠበጠው ይብሳል ማለት አይደለም፤ መቶኛው የሚሰላው ቆዳ ላይ ካረፈው መጠን ሲሆን፣ ቆዳ የሚያሳልፈው ውስን በመሆኑ ብዙ ባረፈበት ቁጥር የሚያልፈው ድርሻ ያንሳል። ለምሳሌ ሳይበጠበጥ ቆዳ ላይ ያረፈ የ1,000 ማይክሮግራም 10 በመቶ 100 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ተበጥብጦ ያረፈ የ20 ማይክሮግራም 50 በመቶ ግን 10 ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናውን ፈሳሽ ለክቶ የሚበጠብጥ ሠራተኛ፣ መቶኛው ዝቅ ማለቱን አይቶ ሳይዘናጋ፣ ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት ጓንቱን ማጥለቅ አለበት።