«ወራሪ ያልሆነ ምርመራ» ማለት ምን ማለት ነው?

በለገጣፎ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤቴ ስለ ካንሰር ሲያነቡ «ወራሪ ያልሆነ ምርመራ» የሚለውን ሐረግ አገኙና ዕጢው አልተሰራጨም ማለት መስሏቸው ተደሰቱ። ቃሉ ግን የሚገልጸው ዕጢውን ሳይሆን ምርመራውን ነው፤ ይኸውም ናሙና ሳይቆረጥ ከሰውነት ውጭ ባለ መሣሪያ የሚነሣ ምስል ነው። ትርጉሙ ያሳዝነኛል፤ «ያለ ቀዶ» ቢባል ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር።

የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ መድኃኒት ሲሰጥ ተከላካይ ሕዋሳት ወደ ዕጢው ስለሚጎርፉ፣ ዕጢው ከእነዚህ ምርመራዎች አንዱ በሆነው በሲቲ ስካን ላይ ያደገ ሊመስል ይችላል፤ ሲቲ ስካን መጠኑን ያሳያል እንጂ ያበጠው በካንሰር ሕዋሳት ይሁን በተከላካዮቹ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው፣ ዕጢ ለእንዲህ ያለ መድኃኒት የሚሰጠውን ምላሽ የሚመዝነው መመሪያ፣ የታካሚው ሁኔታ የሚፈቅድ ከሆነ ምስሉ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲደገም የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ተመራማሪዎች ይህን የመጠበቂያ ጊዜ ለማሳጠር በሚሞክሩት አንድ ዘዴ፣ ከተከላካዮቹ መካከል ገዳይ ቲ ሕዋሳት የሚባሉት ያላቸውን ሲዲ8 የተባለ ምልክት ፈልጎ የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል፣ ዚርኮኒየም-89 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተያይዞበት በደም ሥር ይሰጣል፤ የተከማቸበትን ቦታም ጨረሩን ከውጭ የሚለየው ፔት ስካን ያሳያል። ስለዚህ ቀዶ ባይኖርም መርፌና መጠነኛ ጨረር አይቀሩም፤ የዚርኮኒየሙ ጨረር በግማሽ የሚቀንሰውም በ78 ሰዓት ገደማ ነው።