ሰራተኛ ቤት ሲገባ መሳሪያና ውድ ዕቃ፦ ጎንደር ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮችና እውነታው

አምና ጥምቀት ሊደርስ 3 ሳምንት ሲቀረው አዘዞ ያለውን የአባቴን ቤት ልናስቀባ ሰራተኛ ጠራን፣ ያው ጎንደር ላይ ጥምቀት ሲቃረብ እንግዳ ከየአገሩ ስለሚመጣ ታህሳስ ላይ ቤት የማያድስ ሰው ትንሽ ነው። ቀለም ቀቢው ጎበዝ ሰው ነው፣ አንድ ረዳት ልጅ ይዞ መጣ፣ 14 ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ሮለር ገዝቼ ስመለስ ልጁ የአባቴን ምንሽር በሁለት እጁ ይዞ መኝታ ቤቱ መሀል ቆሟል፣ አፈሙዙ ወደ በሩ ነው፣ በሩ ላይ ደግሞ እህቴ የቡና ረከቦት ይዛ ቆማለች። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳ ሲያራርቁት ከጀርባው ወደቀና ሊያነሳላቸው ነው እንጂ ልጁ ሌላ ምንም ሀሳብ አልነበረውም። «ቀስ ብለህ መሬት ላይ አስተኛው የኔ ልጅ» አልኩት፣ አስተኛው። ከፍቼ ሳየው ጥይት ጎርሷል።

ይሄን ነገር ማህበር ላይ ሳነሳው ሰው ሁሉ የየራሱን አለ፣ አንዱ እንዲህ አድርግ አንዱ እንዲያ አድርግ፣ ግማሹ ደግሞ እኛም እስካሁን የምንለው ነገር ነው። ግን ብዙው ስህተት ነው። የሰማሁትን እያነሳሁ ልክ ያልሆነውን ልናገር።

«የደበቅኩበትን ከኔ በቀር ማንም አያውቀውም»

አባቴም የሚለው ይሄንኑ ነበር። የት የት ነው የምንደብቀው? ቁም ሳጥን ጀርባ፣ ፍራሽ ስር፣ ኮርኒስ ውስጥ፣ የጤፍ ጆንያ መሀል። አሁን አስቡት እስቲ፣ ቀለም ቀቢ ገና ሲገባ የሚሰራው ስራ ዕቃውን ሁሉ ከግድግዳ ማራቅ ነው። ኤሌክትሪሽያን ኮርኒስ ከፍቶ ጭንቅላቱን ያስገባል። የቧንቧ ሰራተኛ ደግሞ ውሃችን በፈረቃ ስለሆነና ሮቶ ስለማይጠፋ ሲንክ ስር ከመግባት አልፎ ጣራ ላይም ይወጣል፣ ዲሽ የሚያስተካክለው ገመዱን ተከትሎ ከሳሎን መኝታ ቤት ይደርሳል። እኛ ሰው አይደርስበትም ያልነው ቦታ በሙሉ ለነሱ የስራ ቦታቸው ነው። መደበቅና መቆለፍ ለየቅል ነው፣ የተደበቀ መሳሪያ ያገኘ ሰው መሳሪያው በቃ በእጁ ነው፣ የተቆለፈውን ያገኘ ግን ያገኘው ሳጥን ብቻ ነው።

ደግሞ መሳሪያውን ደብቆ ዝናሩን ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ቤት ስንት አለ! የአባት የአያት ዝናር ክብር ነው አውቃለሁ፣ የኛም ቤት ነበረ፣ ግን ጥይት የተሰካበት ዝናር ያየ ሰው ጠመንጃው የት ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያቅተውም። ሰራተኛ ከመምጣቱ በፊት እሱም መውረድ አለበት።

«ባዶ ነው፣ ጥይት የለውም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። ክላሽ ያለው ሰው ካዝናውን፣ ጥይት የሚሞላበትን ማለቴ ነው፣ ነቅሎ ለብቻ ካስቀመጠ ባዶ ሆነ ብሎ ያምናል። አልሆነም። መሳሪያው ተቀባብሎ ከነበረ አንዷ ጥይት በርሜሉ መግቢያ ላይ ተቀምጣለች፣ ካዝናው ሲነቀል እሷ አትወጣም፣ ቃታ የነካ ሰው ይተኩሳታል። ከዚህ የባሰው ቅደም ተከተሉን የሚገለብጥ ሰው ነው፣ መጀመሪያ አቀባብሎ ያለችዋን ጥይት ያስወጣና ቀጥሎ ካዝናውን ይነቅላል፣ እንደዛ ሲያደርግ የወጣችውን በሌላ ጥይት ራሱ ተክቷታል ማለት ነው፣ እና ተረጋግቶ ግድግዳ ላይ ያቆመዋል።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት፣ በተለይ ወደ አፈር አዙሮ ጣትን ከቃታ ውጪ ማድረግ፣ መጀመሪያ ካዝናውን መንቀል፣ ከዛ በኋላ መሳቢያውን፣ ማቀባበያውን ማለት ነው፣ እስከ መጨረሻው ወደኋላ ስቦ ውስጥ ያለችውን ማውጣት፣ ከዛ በአይን ማየት፣ በጣት ገብቶ መንካት፣ ጨለማ ከሆነ የስልክ መብራት አብርቶ ደግሞ ማየት። ምንሽር ደግሞ 5 ጥይት ሆዱ ውስጥ ነው የሚገባው፣ እንደ ክላሽ ተነቅሎ የሚቀመጥ ካዝና የለውም፣ ስለዚህ ከላይ ከላይ አይቶ ባዶ ነው ማለት አይቻልም። የአባቴም ነገር እንደዛ ነበር፣ የዘመድ ለቅሶ ላይ ተተኩሶበት የቀረው ሳይወጣ ነው ቁም ሳጥን ጀርባ የተመለሰው፣ አባቴ ግን እስከዛ ቀን ድረስ ባዶ ነው ብሎ ሊምል ይችል ነበር። ከሰርግም ከለቅሶም የተመለሰ መሳሪያ እቤት ከመግባቱ በፊት ነው መታየት ያለበት። ማውጣቱን በደንብ የማያውቅ ሰው ደግሞ በግምት አይነካካው፣ የሚያውቅ ሰው ይጥራ።

ጥይቱም መሳሪያው ያለበት ቦታ አይቀመጥ፣ ሌላ ቁልፍ ያለው ሌላ ቦታ ይሁን። «ልጅ ነው ሳያውቅ ነው» ማለት ደግሞ በኋላ ማንንም አያድንም፣ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 በቸልተኝነት የሰው ሕይወት ማጥፋትን ይቀጣል። ከሕጉ በላይ ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፣ ያ ልጅ ለቀን ስራ መጥቶ የእህቴ ደም በእጁ ሆኖ ወደ እናቱ ሊመለስ ነበር።

«ታጥቄ አጠገቡ ከቆምኩ ምንም አይመጣም»

አንድ የማከብራቸው ጋሼ ናቸው ይሄን ያሉት። ሽጉጥ ወገብ ላይ አድርጎ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰራተኛ መጠበቅ፣ መሰላል መደገፍ፣ ሶፋ አብሮ ማንሳት፣ ይሄ መሳሪያውን ከሰው ማራቅ ሳይሆን ማቅረብ ነው። ሲጎነበስ የሚወድቅ አለ፣ ሊይዘው ሲል ቃታ የሚነካ አለ። ሰራተኛውም በሰላም አይሰራም፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ኤሌክትሪክ የሚነካ ሰው አስቡ። ጠላ ወይ አረቄ በሚቀመስበት ቀንማ ጭራሽ መታሰብ የለበትም።

«ለዛሬ ጎረቤት ጋር አስቀምጠዋለሁ»

ይሄ ጥሩ ሀሳብ ይመስላል፣ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው። ግን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012 ማለት ነው፣ መሳሪያ ፈቃድ ላለው ሰው ነው የሚለው፣ ፈቃዱ ደግሞ በስም ነው የሚወጣው። ጎረቤትህ ፈቃድ ከሌለው አንተ አደራ የሰጠኸው መስሎህ እሱን ችግር ውስጥ ትከተዋለህ። ልጆች ካሉት ደግሞ ያንተን አደጋ ወደሱ ቤት ነው ያሻገርከው።

«መኝታ ቤቱን ከቆለፍኩት በቂ ነው»

ለቀለም ስራ መኝታ ቤት መከፈቱ አይቀርም፣ ያኔስ? ደግሞ የክፍል በር ቁልፍ ብዙ ጊዜ እርስ በርሱ ይከፍታል፣ የሳሎኑን ቁልፍ መኝታ ቤቱ ላይ ሞክሩትና ታያላችሁ።

የሚሻለው የብረት ሳጥን ነው። የተዘጋጀ ፈልጎ ማጣት ሰበብ አይሆንም፣ ብየዳ ቤት ሄዶ በቁመቱ ልክ በወፍራም ላሜራ ማሰራት ይቻላል፣ እኛም እንደዛ ነው ያደረግነው፣ ማጠፊያው ወደ ውስጥ ይሁን በሉት፣ ከውጪ ከሆነ በመዶሻና በመሮ ፒኑን መትቶ ማውጣት ይቻላል። ከዛ መታሰር አለበት፣ ያልታሰረ ሳጥን ከነውስጡ ተሸክመውት ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ በቡለን ማሰሩ ነው፣ እንጨትና ጭቃ ቡለን አይዝም፣ ሲስቡት ከነጭቃው ይመጣል። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ወለሉ ላይ እሰሩት፣ ብሎኬት ቤት ከሆነ ደግሞ ብሎኬቱ መሀሉ ክፍት ስለሆነ ኮንክሪት ያለበትን፣ ኮለኑን ፈልጉ።

ሳጥን እስኪሰራ ድረስ ሰንሰለት ወይም የብረት ገመድ በጓጉንቸር ይሰራል። ክላሽ ላይ ካዝናው ተነቅሎ፣ ባዶ መሆኑ ታይቶ፣ ገመዱ በካዝናው ቀዳዳ ገብቶ ቀለህ በሚወጣበት በኩል ሲወጣ መሳቢያው መዘጋት አይችልም፣ ስለዚህ ማጉረስም መተኮስም አይቻልም። ጥይት የጎረሰ መሳሪያ ቃታ ላይ ግን ጓጉንቸር እንዳታስገቡ፣ ቃታውን ራሱ ጓጉንቸሩ ሊስበው ይችላል።

ቁልፉስ? ኮመዲኖ ውስጥ ከሆነ ምን ዋጋ አለው። ሰራተኛ ባለበት ቀን ኪስ ውስጥ ይሁን። ባለ ቁጥር ሳጥን የገዛ ሰውም ከፋብሪካ የመጣበትን ቁጥር ይቀይር፣ አብሮ የሚመጣውን የመጠባበቂያ ቁልፍም እዛው ሳጥኑ ላይ አይተው።

«ውድ ዕቃ ማለት ወርቅ ነው»

እናቶቻችን ወርቁን ነጠላ ጫፍ ላይ ቋጥረው ይዘውት ይውላሉ፣ የቤቱ ካርታ ግን ቡፌ ላይ ከመብራት ቢል ጋር ተቀምጧል። የቤት ካርታ፣ ፓስፖርት፣ የባንክ ደብተር፣ የመሳሪያው ፈቃድ ራሱ፣ እነዚህ ቢጠፉ ለማስተካከል የሚፈጀው ጊዜና ምልልስ ከባድ ነው። አያት ያወረሱት የብራና ዳዊት ወይም የብር መስቀል ያለው ቤት ደግሞ እሱ ጭራሽ ሌላ የማይተካው ነገር ነው፣ ቀለምና ውሃ ብቻውን ያበላሸዋል፣ መጀመሪያ እሱን አንሱት።

ስልክ ይረሳል። ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ሳሎን ይቀመጣል፣ መክፈቻ ኮድ የለውም፣ የቴሌብሩ ፒን ደግሞ ሽፋኑ ውስጥ በወረቀት ተጽፎ አለ፣ አክስቴ ጋር ያየሁት ነው። ስልክ ከጠፋ ወዲያው ሲሙን በ994፣ ቴሌብርን በ127፣ የንግድ ባንክ ሂሳብ ከሆነ በ951 ደውሎ ማዘጋት፣ ፍለጋው ከዛ በኋላ ይደርሳል።

ወርቁን ደግሞ ፎቶ አንስታችሁ ግራሙን ጽፋችሁ ያዙ፣ የመሳሪያውንም ቁጥር እንደዛው። ፖሊስ ጋር ስትሄዱ «አንድ ሀብል» ብቻ ማለት አይጠቅምም። መሳሪያ ከጠፋ ግን ቤት ስናገላብጥ ቀን አይለፍ፣ በዛው ሰዓት ፖሊስ ማወቅ አለበት።

«የማውቀው ሰው ነው፣ ጎረቤት ያመጣልኝ ነው»

ሰውየውን ታውቀዋለህ፣ ረዳቱንስ? ነገ እሱ ሳይመቸው የሚልከውንስ? ደግሞ ሰውየው ራሱ ታማኝ ሆኖ «እገሌ ቤት እንዲህ ያለ ክላሽ አየሁ» ብሎ ቡና ላይ ያወራል፣ ክፋት የለውም፣ ወሬ ነው፣ ወሬው ግን ማን ጋ እንደሚደርስ እሱም አያውቅም። መቆለፍ አለማመን አይደለም። አንድ ነገር ቢጠፋ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፣ ስለዚህ ለሱም ነው የምንቆልፈው።

«ዕቃ ከጠፋ የገባው ሰራተኛ ነው»

ይሄን የምጽፈው እያመመኝ ነው። ከዓመታት በፊት እናቴ የጋብቻ ቀለበቷ ጠፋ፣ በዛ ሳምንት ልብስ ልታጥብ የመጣች ሴት ነበረች፣ ሳንጠይቅ ሳናጣራ ስሟን አነሳን፣ ሰፈሩ ሰማ፣ ሌሎች ቤቶችም ስራ ከለከሏት። ቀለበቱ ከ2 ወር በኋላ ሶፋው ስንጥቅ ውስጥ ተገኘ። እናቴ ሽማግሌ ይዛ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች፣ ሴትየዋ ይቅር ብላለች፣ ግን እኛ ቤት ዳግመኛ አልመጣችም። እና ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ ቤቱ በደንብ ይፈተሽ፣ የቤተሰቡ ሰው ሁሉ ይጠየቅ፣ ጥርጣሬው ካልለቀቀ ፖሊስ አለ። ሰውን በራስ እጅ መፈተሽ፣ በር ዘግቶ ማስቆም፣ መማታት አይገባም፣ ስም ማጥፋትም እንደዛው።

«አብሮት መቀመጥ ነውር ነው፣ የጠረጠርኩት ይመስለዋል»

አይመስለውም። ቀለም ቀቢውን ራሱን ጠይቄዋለሁ፣ «ባለቤቱ ካለ ደስ ይለኛል፣ ባዶ ቤት ጥለውኝ ሲሄዱ ነው የምጨነቀው» ነው ያለኝ። ቡና አፍልቶ እዛው ክፍል መቀመጥ፣ የሚፈልገውን ማቀበል፣ በዛው ስራውን ማየት ነው። ብቻዋን ያለች ሴት ከሆነች ወንድሟን ወይ ጎረቤቷን ትጥራ፣ ስራውንም በአንድ ቀን በአንድ ክፍል ማስጀመር ይቻላል፣ እንደዛ ሲሆን ቀሪው ክፍል ዝግ ይሆናል።

ዘንድሮ ታህሳስ ላይ ያንኑ ሰውዬ ደግመን ጠራነው፣ ኮሪደሩ ቀርቶ ነበር። ልጁም አብሮት መጣ፣ አንድ ዓመት አድጓል። ከመምጣታቸው በፊት አባቴ ቁልፉን አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር አሰረው። ልጁ መኝታ ቤት ሲገባ የብረት ሳጥኑን አየና ቁም ሳጥኑን ከመንካቱ በፊት «ከጀርባው ምንም የለም አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ።