ካንሰር በሳንባ ዙሪያ የሚያስቋጥረው ፈሳሽና አያያዙ

በተለምዶ «ሳንባው ውሃ ቋጠረ» ይባላል። አነጋገሩ ሕመሙን ለመጠቆም ቢበቃም ቦታውን ግን ያሳስታል፤ ፈሳሹ የሚጠራቀመው ሳንባው ውስጥ ሳይሆን ሳንባውን ከውጭ በሚያለብሰውና የደረትን ግድግዳ ከውስጥ በሚሸፍነው ስስ ሽፋን፣ ማለትም በሁለቱ የፕሉራ ንጣፎች መካከል ነው። በጤነኛ ሰው በዚህ ክፍተት ያለው ፈሳሽ ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ሲሆን ሥራውም ንጣፎቹ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ሳይፋተጉ እንዲንሸራተቱ ማለስለስ ነው። ያለማቋረጥ ይመነጫል፣ ያለማቋረጥም በደረት ግድግዳው በኩል ባሉ የሊምፍ ቀዳዳዎች ይመጠጣል። ወደ ፕሉራው የተዛመተ ካንሰር ይህን ሚዛን በሁለት በኩል ያፋልሰዋል፤ በአንድ በኩል የደም ሥሮቹ ፈሳሽ እንዲያሳልፉ ያደርጋል፣ በሌላ በኩል ደግሞ የሊምፍ መውጫዎቹን ይደፍናል።

ፈሳሽ በማስቋጠር ቀዳሚዎቹ የሳንባና የጡት ካንሰር ሲሆኑ ሊምፎማ (የሊምፍ ሥርዓት ካንሰር) እና የሴት እንቁላል አመንጪ እጢ ካንሰርም ይከተላሉ። ሜሶቴሊዮማ የተባለው ደግሞ ከፕሉራው ከራሱ የሚነሣና ከአስቤስቶስ ብናኝ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው። በፈሳሹ ውስጥ የካንሰር ሕዋስ ሲገኝ በአብዛኛው በሽታው ከመነሻው ርቆ መሄዱን ያሳያል፤ እንደ ካንሰሩ ዓይነትና እንደ ታማሚው አቅም በእጅጉ ቢለያይም፣ ከዚያ በኋላ የሚኖረው ዕድሜ ባብዛኛው ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ክልል ውስጥ ይገመታል። ስለዚህ የሕክምናው ግብ ትንፋሽን ማቅለልና ታማሚው ሆስፒታል የሚተኛባቸውን ቀናት ማሳጠር ነው።

ትንፋሽ የሚያጥረው ፈሳሹ ሳንባውን ስለሚጨፈልቀው ብቻ አይደለም። ክብደቱ ደረትን ከሆድ የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ወደ ታች ስለሚጫነው ጡንቻው ይለጠጣል፣ አንዳንዴም ወደ ሆድ በኩል ይገለበጥና አየር የመሳብ ጉልበቱን ያጣል። ፈሳሹ ሲወጣ በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ብዙም ሳይለወጥ ታማሚው «አሁን ቀለለኝ» የሚለው በአመዛኙ ድያፍራሙ ወደ ቅርጹ ስለሚመለስ ነው።

ሐኪሙ የአንድ እጁን ጣት በታማሚው ጀርባ ላይ አኑሮ በሌላው መታ መታ ሲያደርግ፣ አየር የያዘው የላይኛው ክፍል እንደ ባዶ ዕቃ ያስተጋባል፤ ፈሳሹ ካለበት ከፍታ ጀምሮ ግን ድምፁ ይታፈናል። ራጅ ይህንኑ ያሳያል፤ አልትራሳውንድ ደግሞ ጥቂቱን ፈሳሽ ሳይቀር ከመለየቱም በላይ መርፌው የሚገባበትን አስተማማኝ ቦታ ስለሚጠቁም ያለእሱ ፈሳሽ መቅዳት ዛሬ አይመከርም። ፈሳሹ ከፕሉራው ሕመም የመጣ መሆን አለመሆኑን ለመለየት የፕሮቲንና የኤልዲኤች (ሕዋሳት ሲጎዱ የሚለቁት ኤንዛይም) መጠኑ ከደሙ ጋር ይነጻጸራል፤ ይህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1972 በሪቻርድ ላይትና ባልደረቦቹ የቀረበ ነው። ነገር ግን ካንሰር መሆኑን የሚያረጋግጠው በማይክሮስኮፕ የሚታየው ሕዋስ ሲሆን፣ ይህም ምርመራ ከአሥር ታማሚዎች በስድስቱ ገደማ ብቻ መልስ ይሰጣል። ካልተሳካ በካሜራ ደረት ውስጥ ገብቶ ከፕሉራው ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት፣ ካንሰር ያለበት ሰው የቋጠረው ፈሳሽ ሁሉ የካንሰር አለመሆኑን ነው፤ የልብ ድካም፣ የሳንባ ምች፣ ቲቢ ወይም በሳንባ የደም ሥር የረጋ ደምም ያንኑ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ምንም ስሜት የማይሰጥ ፈሳሽ በምስል ላይ ስለታየ ብቻ አይቀዳም፤ ለምርመራ ካላስፈለገ በቀር መከታተል ይበቃል። ትንፋሽ ካጠረ ግን የመጀመሪያው እርምጃ በመርፌ መቅዳት ነው። ታማሚው አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ትራስ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ክንዶቹን አጣጥፎ ወደ ፊት ይደገፋል፤ ከጀርባው በሁለት ጎድኖች መካከል ቆዳው ይደነዝዛል፤ መርፌው ከታችኛው ጎድን የላይኛ ጠርዝ ታክኮ ይገባል፣ ምክንያቱም የደም ሥሩና ነርቩ የሚያልፉት ከእያንዳንዱ ጎድን ሥር ነው። ፈሳሹ እንደ ጠላ ቢጫ ወይም ደም የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። በአንድ ጊዜ የሚወጣው በተለምዶ ከ1.5 ሊትር አይበልጥም፤ ለረጅም ጊዜ ተጨፍልቆ የቆየ ሳንባ በድንገት ሲነፋ ራሱ ፈሳሽ ሊሞላ ስለሚችል፣ ደረት መጨምደድ ወይም የማያቋርጥ ሳል ከጀመረ ይቆማል።

ይህ የመጀመሪያ ቅጃ ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል፤ ትንፋሹ በእርግጥ ቀለለ ወይ፣ ሳንባውስ ተነፍቶ የደረት ግድግዳውን ነካ ወይ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሳኔ ሁሉ በሁለቱ መልሶች ላይ ይቆማል፤ በእኔ እይታ ደግሞ ሁለተኛው ከሚገባው በላይ ችላ ይባላል። ፈሳሹ በአብዛኛው በአንድ ወር ውስጥ ተመልሶ ስለሚጠራቀም በየጊዜው በመርፌ መቅዳት የሚበጀው በጣም ለደከመ ወይም የቀረው ጊዜ አጭር ለሆነ ሰው ነው።

ሳንባው የሚነፋ ከሆነ አንዱ ዘላቂ መንገድ ፕሉሮዴሲስ፣ ማለትም ሁለቱን ንጣፎች አጣብቆ ክፍተቱን መዝጋት ነው። የሚመረጠው ማጣበቂያ የጸዳ የታልክ ዱቄት ሲሆን፣ በጨው ውሃ ተበጥብጦ በቱቦ ይጨመራል ወይም በካሜራ ሕክምና ጊዜ በደረቁ ይነሰነሳል፤ ዱቄቱ ሕብረ ሕዋሱን አስቆጥቶ ጠባሳ ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና 330 ታማሚዎችን ያሳተፈ የብሪታንያ ጥናት በሁለቱ አሰጣጦች መካከል ልዩነት አላገኘም። ከታልኩ በኋላ የደረት ሕመምና ትኩሳት የተለመዱ ናቸው። ቅንጣቶቹ በጣም የደቀቁ ከሆኑ ወደ ደም ገብተው ሳንባን ስለሚጎዱ መጠናቸው የተመረጠ ታልክ ብቻ ይውላል።

ሌላው መንገድ ከቆዳ ሥር ተንሸራቶ ደረት ውስጥ የሚገባ ለስላሳ ቱቦ ነው። ቆዳው ሥር ያለው ክፍል ላይ የተጠቀለለች የጨርቅ ቀለበት ሥጋ እየያዛት ቱቦውን አጥብቃ ታቆመዋለች። ታማሚው ወይም ቤተሰቡ እጁን ታጥቦ፣ ክዳኑን አውልቆና ጫፉን በአልኮል ጠርጎ አየር ከወጣለት ጠርሙስ ጋር ያገናኘዋል፤ ፈሳሹ በራሱ እየተሳበ ሲወርድ ይታያል፣ ደረት ሲያም ይቆማል፣ መጨረሻ ላይ ቱቦው ተጠቅልሎ በጎዝና በፕላስተር ይሸፈናል። ይህ በየቀኑ፣ በየሁለት ቀኑ ወይም ትንፋሽ ሲያጥር ብቻ ሊደረግ ይችላል። ቀናት ሲሄዱ ንጣፎቹ በራሳቸው የሚጣበቁባቸው ሰዎች አሉ፤ በዚህ ጊዜ ቱቦው ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በዚሁ ቱቦ ታልክ ሲጨመር በ35ኛው ቀን ከመቶ 43ቱ ሲጣበቁ፣ ያለታልክ ግን 23ቱ ብቻ ተጣብቀዋል። ኢንፌክሽን ቢያጋጥም አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ሳይነቀል በአንቲባዮቲክ ይታከማል።

ሁለቱ መንገዶች ትንፋሽን በማቅለል ተቀራራቢ ናቸው፤ ስለዚህ ምርጫው የታማሚው ነው፤ አንዱ ጥቂት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ነገሩን መጨረስ ይፈልጋል፣ ሌላው ቱቦ ይዞ ቤቱ መዋልን ይመርጣል። ሳንባው በካንሰር ወይም በጠባሳ ታስሮ መነፋት ካቃተው ግን ንጣፎቹ ስለማይገናኙ ታልክ ከንቱ ነው፤ ቱቦው ብቻ ይቀራል፣ እሱም የሚጠቅመው ፈሳሹ ሲቀዳ ትንፋሽ የሚቀል ከሆነ ነው።

ለመድኃኒት በደንብ የሚታዘዙ ካንሰሮች፣ ለምሳሌ ሊምፎማና ትንንሽ ሕዋስ የተባለው የሳንባ ካንሰር፣ በኬሞቴራፒ ሲታከሙ ፈሳሹም አብሮ ሊቀንስ ይችላል፤ ሆኖም ትንፋሽ ያጠረው ሰው መድኃኒቱ እስኪሠራ ሳይቀዳለት ሊጠብቅ አይገባም። ፈሳሹ ተቀድቶም እፎይታ ካልመጣ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። መቅዳት ትርጉም በማይሰጥበት ደረጃ ላይ በአነስተኛ መጠን የሚሰጥ ሞርፊን የመታፈን ስሜቱን ያረግበዋል፤ ራስጌውን ከፍ አድርጎ ማስተኛትና ፊት ላይ ነፋስ የምትሰጥ ትንሽ ማራገቢያም ይረዳሉ።