የተቀናጀ ሕክምና ምንድን ነው? የአመጋገብ ሕመምና ሱስ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ

አንዲት ሴት መጠጥ ልታቆም ማገገሚያ ገባች እንበል። ጥቂት ሳምንታት አለፉ፤ መጠጡን ተወች። ቤተሰብም እፎይ አለ። ግን ከምግብ በኋላ መታጠቢያ ቤት ትቆያለች። የቧንቧው ውሃ ይንፏፏል፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። የበላችውን እያስመለሰች ነው። ማገገሚያ ከመግባቷ በፊትም ታደርገው ነበር። የጠየቃት ግን የለም፤ የተጠየቀችው ስለ መጠጡ ብቻ ነው።

የተቀናጀ ሕክምና እንዲህ ያለው ነገር እንዳያመልጥ የሚደረግ ሕክምና ነው። የአመጋገብ ሕመምና ሱስ አብረው ሲገኙ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዕቅድ ይታከማሉ። ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውና የሥነ ምግብ ባለሙያው አንድ ፋይል ያያሉ፤ እርስ በርስ ይነጋገራሉ።

የአመጋገብ ሕመም ሲባል በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው። አኖሬክሲያ ያለበት ሰው መወፈርን አጥብቆ ስለሚፈራ ራሱን ያስርባል። ቡሊሚያ ያለበት ብዙ ይበላና ያስመልሳል፣ ወይም ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይወስዳል፣ ወይም በስፖርት ራሱን ይጎዳል። ሦስተኛው ከቁጥጥር ውጭ መብላት ነው፤ በዚህኛው ማስመለስ የለም።

ሁለቱ ሕመሞች መገናኘታቸው የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። አሜሪካ ባለው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይገኝ የነበረ የሱስ ጥናት ማዕከል በ2003 እ.ኤ.አ. አንድ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። የአመጋገብ ሕመም ካለባቸው ሰዎች እስከ 50 በመቶ የሚደርሱት አልኮል ወይም ዕፅ አላግባብ ይጠቀማሉ ይላል። በጠቅላላው ሕዝብ ግን ቁጥሩ 9 በመቶ ገደማ ነበር። ኮኬይን፣ አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅና ሲጋራ የምግብ ፍላጎት ይዘጋሉ፤ ለዚሁ ብሎ የሚጀምራቸው ሰው አለ። ሌላው ማታ ለሚጠጣው መጠጥ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ይውላል። ሌላዋ ደግሞ ብዙ ከበላች በኋላ የሚሰማትን እፍረት በመጠጥ ታስታግሳለች። ሱሱ ሲቆም ክብደት ሊጨምር ይችላል፣ ክብደት ሲጨምር ፍርሃቱ ይነሳል፣ ያ ፍርሃት ወደ ሱሱ ይመልሳል። አንዱን ብቻ አክሞ ሌላውን መተው የማያዛልቀው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ የሕክምና ቀናት ከሁሉም ያሰጋሉ። አዘውትሮ የሚያስመልስ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ይቀንሳል፤ የፖታሲየም ማነስ የልብ ምትን ያዛባል። ለረጅም ጊዜ በብዛት የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ደግሞ የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል። ሁለቱ አንድ ሰውነት ላይ ሲደርሱ አስቡት። በዚያ ላይ ተርቦ የከረመ ሰው በአንዴ ብዙ ሲመገብ ደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት የሚባል ሌላ ማዕድን ያሽቆለቁላል፤ ይህ ሪፊዲንግ ሲንድረም ይባላል፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ «ከስቷል፣ ደህና አድርጋችሁ አብሉት» ማለት ከቅን ልብ ቢመጣም አደገኛ ነው። ምግቡ በልክ እየተጨመረ፣ ደሙ በየጊዜው እየተመረመረ መሄድ አለበት። መጠጥም ረሃብም ቫይታሚን ቢ1ን ስለሚያሟጥጡ እሱም ቶሎ ይሰጣል፤ ካልተተካ አንጎል ሊጎዳ ይችላል።

መድኃኒት ላይም ያው ነው። ቡፕሮፒዮን ሲጋራ ለማቆም የሚረዳ የታወቀ መድኃኒት ነው። አኖሬክሲያ ወይም ቡሊሚያ ላለበት ሰው ግን አይሰጥም፤ የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። መጠጥ በድንገት ላቆመም ክልክል ነው። ከቁጥጥር ውጭ የመብላት ሕመምን ለማከም በአንዳንድ አገሮች የተፈቀደው ሊስዴክስአምፌታሚን በበኩሉ ራሱ ሱስ ሊያስይዝ ይችላል። የታካሚውን ግማሽ ታሪክ ብቻ የሚያውቅ ሐኪም ሳያስበው ሊጎዳው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። መጠጥን ጨርሶ መተው ይቻላል፤ ምግብን ግን መተው አይቻልም። ታካሚው የሚፈራውን ነገር በቀን ሦስቴና ከዚያም በላይ ይጋፈጠዋል። የሱስ ሕክምና «አትንካው» ይላል። የአመጋገብ ሕክምና ደግሞ «በሰዓቱ ብላ፣ የከለከልከውን ምግብም ቀስ በቀስ መልስ» ይላል። በተለያየ ቦታ ሲሰጡ ሁለቱ ምክሮች ሰውን ግራ ያጋባሉ። በአንድ ቡድን ሲሰጡ ግን ባለሙያው ልዩነቱን ቁጭ ብሎ ያስረዳል። የሁለቱም ሥር የሆነው ነገር፣ ማለትም ጭንቀት፣ ድብርት፣ አንዳንዴም የልጅነት ጉዳት፣ አብሮ ይታያል። ሁለቱንም የሚያባብስ ስሜት ሲነሳ ምን እንደሚደረግ የሚያስተምሩ የሥነ ልቦና ሕክምናዎችም አሉ።

«መጀመሪያ ሱሱን ተው፣ ከዚያ ተመለስ» የሚለው አሠራር እኔን ያሳዝነኛል። አዎ፣ ሕይወት የሚያሰጋው ይቀድማል። ሌላው ግን ተረስቶ አይቆይም።

ማገገሚያዎች መግቢያ ላይ ሊጠይቁት የሚችሉት አጭር መጠይቅ አለ፤ 5 ጥያቄ ነው። ከልክ በላይ ሲጠግቡ ያስመልሳሉ? መብላት ከጀመርኩ ማቆም ያቅተኛል ብለው ይሰጋሉ? በ3 ወር ውስጥ ከ6 ኪሎ በላይ ቀንሰዋል? ሰው ቀጭን ነዎት እያለ እርስዎ ወፍራም ነኝ ይላሉ? ምግብ ሕይወቴን ተቆጣጥሮታል ይላሉ? ከእነዚህ ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ «አዎ» ያለ ሰው በደንብ መመርመር አለበት። ቤተሰብም ታካሚን ይዞ ሲሄድ የሚወስደውን ሁሉ ይናገር፤ ሆድ የሚያስቀምጠውን መድኃኒትም፣ የክብደት መቀነሻ ክኒኑንም።