ባልና ሚስት ሲፋቱ ልጅ የሚያድገው ከማን ጋር ነው?

በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ጋብቻ አፍርሶ ብቻ ሰዎቹን አያሰናብትም። ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚያድጉ፣ ቀለብ ማን ስንት እንደሚከፍል፣ ሌላው ወላጅ መቼ እንደሚያያቸው አብሮ ይወስናል። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አማራ፣ ኦሮሚያና ሌሎችም ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።

ድሮ ነገሩ በፍትሐ ነገሥት፣ በሸሪዓና በየአገሩ ልማድ ይታይ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 681 ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ እስከ 5 ዓመቱ ለእናቱ ይሰጥ አለ። ፍቺውንም የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። የ1992ቱ ሕግ ፍቺን ወደ ፍርድ ቤት አመጣ። "እስከ 5 ዓመት" የሚለውም ቀረ። በምትኩ አንቀጽ 113 ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እንዲመዝን ያዛል። "ሕፃን ልጅ የእናት ነው" የሚለው አባባል ግን ከሰው አፍ አልጠፋም። ጡት ያልጣለ ልጅ ሲሆን ዳኞችም ወደ እናት ያደላሉ ይባላል።

አንድ ቃል ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ሕጉ "ሞግዚት" ሲል ቤት ውስጥ ልጅ የምትይዘዋን ማለቱ አይደለም። ሞግዚት የልጁን ንብረትና ገንዘብ ነክ ጉዳይ በስሙ ይይዛል፤ አሳዳሪ ልጁን ራሱን ይንከባከባል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ያርፋሉ።

የፍቺ አቤቱታ ሲገባ ፍርድ ቤቱ ልጆቹ ለጊዜው የት እንደሚቆዩና ቀለባቸው እንዴት እንደሚሸፈን ትእዛዝ ይሰጣል። ወላጆች ተስማምተው ከመጡ ነገሩ ቀላል ነው። ቢሆንም ስምምነታቸው የልጆቹን ጥቅም የሚጎዳ ከሆነ ዳኛው አያጸድቀውም። ካልተስማሙ ክርክሩ ይቀጥላል። ነፍስ ያወቀ ልጅ ከወላጆቹ ተለይቶ ሊጠየቅ ይችላል። መጎብኛው ላይ ውሳኔው በሰዓት ቢቆረጥ ይሻላል፦ "ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወስዶ እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ይመልስ" ዓይነት። "በሚመቻቸው ጊዜ" ከተባለ ሁለቱም ሳይመቻቸው ይቀራል።

በዚህ ዘርፍ ስሙ ከሚነሳ መዝገብ አንዱ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት የተባለን የመጨረሻ ፍርድ የሚያርመው ችሎት) በ2000 የወሰነው የመዝገብ ቁጥር 23632 ነው። ክርክሩ በአባትና በአክስት መካከል ነበር። እናት ሞታለች፤ ልጅን ያሳደገችው አክስት ናት። አባት ለዓመታት ዞር ብሎ ሳያይ ቆይቶ "ልጄን ስጡኝ" አለ። ሕጉ በደረቁ ቢነበብ ሚዛኑ ወደ አባት ነው፤ እናት ስትሞት አሳዳሪነቱ የእርሱ ነውና። ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ ልጁ ከአክስት ጋር እንዲቆይ ወሰነ። አገራችን ውስጥ እንዲህ ደፍሮ የተጻፈ ፍርድ ብዙ አይገኝም። የሰበር የሕግ ትርጉም ያኔ በአዋጅ 454/1997፣ አሁን ደግሞ በተተካው በአዋጅ 1234/2013 መሠረት በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ "የልጁ ጥቅም ይቅደም" የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ ጉልበት አገኘ።

ተከራካሪዎቹ ሙስሊሞች ከሆኑና ሁለቱም ከፈቀዱ ጉዳዩን የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል።

አስቸጋሪው ከፍርዱ በኋላ ያለው ነው። ደመወዝተኛ ከሆነ ቀለቡ ከደመወዙ ሊቆረጥ ይችላል። የነጋዴው፣ የደላላውና የሹፌሩ ገቢ ግን በምን ይለካል? እዚህ ላይ ምስክርና ግምት ይበዛል። ደግሞም ውሳኔው ተዘግቶ አይቀርም። ከልጁ ጋር የሚኖረው ወላጅ ዐረብ አገር ቢሄድ ወይም ቢታመም፣ ሌላው መጥቶ እንዲሻሻል መጠየቅ ይችላል። ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ መዝገቡ ሊንቀሳቀስ ይችላል።