በሥዕል ውስጥ «ኖስታልጂያ» ምንድን ነው?

ኖስታልጂያ መጀመሪያ የበሽታ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሃንስ ሆፈር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የሕክምና ተማሪ «ወደ ቤት መመለስ» እና «ሕመም» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የግሪክ ቃላት ገጥሞ ፈጠረው። ከአገራቸው ርቀው በናፍቆት የሚማቅቁ ሰዎችን ሕመም የሚጠራበት ስም ነው። ዛሬ ቃሉ ከቦታ ወደ ጊዜ ዞሯል። የናፈቀን አገር ከሆነ ትኬት ተቆርጦ ይኬዳል። ላለፈ ጊዜ ግን ትኬት የለም።

የአውሮፓና የአሜሪካ ሠዓሊዎች ይህን ስሜት ሲስሉ ብዙ ጊዜ ሰመር ላይ ያርፋሉ። ሰመርን «በጋ» ብለን ብንተረጉመው ነገሩ ይጠፋብናል። የእኛ በጋ ረጅም ነው፤ ማንም አይሳሳለትም። የእነሱ ሰመር ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚቆይ እንግዳ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሰዉ ውጭ ውጭ ይላል፣ ገና ሳይጠገብ ያልቃል።

አንድ ሥዕል ልጥቀስ። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ እ.ኤ.አ. በ1967 የሳለው «ኤ ቢገር ስፕላሽ» («ተለቅ ያለ ፍንጣቂ») ነው። የካሊፎርኒያ ፀሐይ፣ ሮዝ ቤት፣ ሁለት ቀጫጭን ዘንባባዎች፣ ባዶ ወንበር። ከፊት ቢጫ የመዝለያ ሳንቃ አለ። ከመዋኛ ገንዳው ውስጥ ነጭ ውኃ ወደ ላይ ተፈናጥሯል። የዘለለው ሰው አይታይም፤ አሁን ገና ጠልቋል።

ሆክኒ ሰፋፊውን ቀለም በሮለር ነው የቀባው። ያችን ፍንጣቂ ግን በትንንሽ ብሩሽ ሁለት ሳምንት ያህል ሠራባት። በእውኑ ዓለም የምትቆየው ሁለት ሰከንድ ነው! ይህን ሥዕል የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። ሆክኒ የሚያልፈውን ነገር ሊያስቀረው እንደማይችል እያወቀ፣ በትዕግሥት አጠገቡ ቁጭ ብሏል።

ሌላው ሠዓሊ ፒተር ዶይግ ግን መንገዱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ስኮትላንድ ተወልዶ ልጅነቱን በትሪኒዳድና በካናዳ አሳለፈ። ከድሮ ፎቶዎች እየተነሣ ይስላል፤ ቀለሙን አቅጥኖ ያፈስሰዋል። ጸጥ ባለ ውኃ ላይ የቆመች ታንኳ ስታዩ ቦታውን ያያችሁት ሳይሆን ያስታወሳችሁት ይመስላችኋል።

ስለዚህ የድሮ ዕቃ ስለተሳለ ብቻ ኖስታልጂያ አይሆንም። ጀበናና መሶብ የሞሉባቸው ብዙ ሥዕሎች አሉን፤ ቆንጆ ናቸው፣ ግን ምንም ነገር ከእጃችን ሲያመልጥ አይታይባቸውም። በሥዕሉ ውስጥ ማለፉ መታየት አለበት።

እኛ ጋ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው። የልጅነታችን ናፍቆትም ያለው እዚያው ነው፤ ጭቃው፣ የቡሄ ጅራፍ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ። ከሰል ላይ ያለ በቆሎ ጠስ ብሎ አንዲት ፍሬ ስትፈነዳ ታውቁ የለ? ለዚያች ቅጽበት ሁለት ሳምንት ቁጭ የሚል ሠዓሊ ባይ ደስ ይለኛል።