ስዊዝ ካናል ላይ 8 ዓመት የቆሙት መርከቦች

እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1967 ጠዋት 15 የንግድ መርከቦች ስዊዝ ካናልን ከደቡብ ወደ ሰሜን እያቋረጡ ነበር። በዚያው ዕለት የእስራኤልና የአረቦች ጦርነት ፈነዳ፤ መርከቦቹም ባሉበት መልህቅ ጣሉ። ጦርነቱ በ6 ቀን አለቀ። እነሱ ግን 8 ዓመት ቆዩ። አዎ፣ 8 ዓመት!

እስራኤል የካናሉን ምሥራቃዊ ዳርቻ ስትይዝ፣ ግብፅ ደግሞ ማንም እንዳያልፍ ብላ በካናሉ ጫፎች ላይ መርከቦች አስጥማ መንገዱን ዘጋችው። ካናሉ በመንገዱ ሐይቆችን ያቋርጣል፤ 14ቱ ከእነዚህ አንዱ በሆነው ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ፣ አንዲት የአሜሪካ መርከብ ደግሞ ለብቻዋ ቲምሳህ ሐይቅ ላይ ቀሩ። ግራና ቀኝ ጦር ተፋጧል፤ መሃል ላይ ሱፍና ሌላ ሸቀጥ የጫኑ መርከቦች። የበረሃው አሸዋ እየነፈሰ ስላለበሳቸው «ቢጫዎቹ መርከቦች» ተባሉ።

ከ14ቱ 4ቱ የእንግሊዝ ናቸው። ምዕራብ ጀርመን፣ ስዊድንና ፖላንድ ሁለት ሁለት፣ ፈረንሳይ፣ ቡልጋሪያ፣ ቼኮዝሎቫኪያና አሜሪካ አንድ አንድ ነበራቸው። ቀዝቃዛው ጦርነት በጋለበት ዘመን የሁለቱ ጎራ ሰዎች አንድ ሐይቅ ላይ ተፋጠው ቀሩ ማለት ነው። ምን አደረጉ? ማኅበር አቋቋሙ! በኦክቶበር 1967 ሜላምፐስ በምትባለው የእንግሊዝ መርከብ ላይ ተሰብስበው «የታላቁ መራራ ሐይቅ ማኅበር»ን መሠረቱ፤ እድር በሉት። ፊልም ያማረው ወደ ቡልጋሪያዋ መርከብ ይሄዳል፣ መዋኘት የፈለገ ወደ ስዊድኗ ኪላራ፣ ጸሎት ወደ ጀርመኗ ኖርድቪንድ፣ ኳስ ደግሞ ሰፊ ቦታ ባላት ፖርት ኢንቨርካርጊል ላይ።

እኔን በጣም የሚያስገርመኝ ቴምብሩ ነው። መርከበኞቹ ቴምብር በእጃቸው እየሠሩ ፖስታቸው ላይ ይለጥፉ ነበር፣ የግብፅ ፖስታ ቤትም ተቀበላቸው፤ ዛሬ ቴምብር ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ናቸው። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ባሸነፈበት በ1968 ደግሞ እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ኦሎምፒክ አዘጋጁ። ቀስት ውርወራ፣ ከፍታ ዝላይ፣ የውሃ ፖሎ፣ ምን ቅጡ። ፖላንድ አንደኛ፣ ጀርመን ሁለተኛ፣ እንግሊዝ ሦስተኛ ወጡ።

ያው ሰው 8 ዓመት ሙሉ እዚያ ታስሮ የኖረ እንዳይመስላችሁ። ኩባንያዎቹ ሠራተኛ ይቀያይሩ ነበር፣ ከ1969 ጀምሮም ጥቂት ሰው እንዲበቃ መርከቦቹን በቡድን በቡድን አሰሯቸው። በ1973ቱ ጦርነት አፍሪካን ግሌን የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በእስራኤል ተመትታ ሰጠመች።

ካናሉ በይፋ የተከፈተው ጁን 5 ቀን 1975 ነው፤ ልክ በ8 ዓመቱ። ሁለቱ የጀርመን መርከቦች ግን ቀደም ብለው ወጥተው ሜይ 24 ሀምቡርግ ገቡ። በራሳቸው ሞተር አገራቸው የደረሱት እነሱ ብቻ ናቸው። ወደቡ ላይ 30 ሺህ ያህል ሰው ወጥቶ ተቀበላቸው፤ ከሁለቱ አንዷ ሙንስተርላንድ ከአውስትራሊያ ደርሶ መልስ ጉዞዋን የጨረሰችው በ8 ዓመት ከ3 ወር ከ5 ቀን ነበር።